ወንበሩ ባዶ ሲሆን
(በሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ርዕሳችን የተነሳው ከሰቆጣ ከተማ አንዲት እናት ካደረሱን ጥያቄ ነው። እንዲህ ይላሉ፦ «ለፓርላማ የመረጥነው ሰው ቢሞት ወይም ቢለቅ ቦታው ምን ይሆናል? ዝም ተብሎ አምስት ዓመቱ እስኪሞላ ይጠበቃል ወይ? ደግሞስ እንደገና ምረጡ ብንባል፣ እኛ በዋግ ኽምራ ያለን ሙስሊሞች በጣት የምንቆጠር ነንና ብንወጣም ባንወጣም ምን ለውጥ ያመጣል?» እኚህ እናት አላህ ጀዛቸውን ይክፈላቸው። ጥያቄያቸው አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የሕግ ጥያቄ ስለሆነ በቀላሉ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን በየቤታችን ሲንከባለል የኖረ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እናየዋለን፣ ኢንሻአላህ።

በሁለት ጠቅላላ ምርጫዎች መካከል አንድ የምክር ቤት ወንበር ባዶ የሚሆንባቸው ምክንያቶች ብዙ አይደሉም። ተወካዩ ይሞታል፤ ሞት ለማንም አይቀርምና። ወይም በገዛ ፈቃዱ ይለቃል። ወይም ተመርጦ ሳለ ወንበሩን አልረከብም ይላል። ወይም ደግሞ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ያጣበትና በሕግ መሠረት ያወርደዋል። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎቻችን አናውቀውም እንጂ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12ም በአንቀጽ 54ም ጽፎታል። እንዲህ የጎደለውን ወንበር ለመሙላት በዚያው የምርጫ ክልል ብቻ የሚደረገው ምርጫ «የማሟያ ምርጫ» ይባላል። በ2011 የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ከጠቅላላ ምርጫ፣ ከአካባቢ ምርጫና ከድጋሚ ምርጫ ለይቶ ያስቀመጠው ራሱን የቻለ የምርጫ ዓይነት ነው። አዲሱ ተመራጭ የሚያገለግለው የቀረውን ዘመን እንጂ አዲስ አምስት ዓመት አይደለም።

ግን የትኛው ወንበር? እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ የሰቆጣ ሰው የሚወከልበት ምክር ቤት አንድ ብቻ አይደለም። የከተማው ወይም የወረዳው ምክር ቤት አለ። ዋግ ኽምራ የብሔረሰብ ዞን ስለሆነ ሰቆጣ ላይ የሚሰበሰብ የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤት አለው። ባሕር ዳር 294 መቀመጫ ያለው የአማራ ክልል ምክር ቤት አለ። አዲስ አበባ ደግሞ 547 መቀመጫ ያለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አለ፤ ከዚህ ውስጥ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም አለ፤ እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ተወካይ አለውና ኽምራም በዚያ ይወከላል። ይህን የፌዴሬሽን ወንበር ግን የሚሞላው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ የክልሉ ምክር ቤት ራሱ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ካላደረገ በስተቀር። ስለዚህ «ወንበር ጎደለ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው የየትኛው ምክር ቤት ነው የሚለው ነው።

አሁን ወንበሩ ባዶ ሲሆን ምን እንደሚጎድል እንይ። አንዳንዱ ሰው «ከ547 አንድ ቢጎድል ምንድን ነው? ምክር ቤቱ ሥራውን አያቆም» ይላል። ለምክር ቤቱ ምንም ላይሆን ይችላል። ለዚያ የምርጫ ክልል ግን ሁሉ ነገር ነው። በሀገራችን አሠራር ከአንድ የምርጫ ክልል ወደ ሕዝብ ተወካዮች የሚላከው አንድ ሰው ነው። ሁለተኛ የለም፤ ተጠባባቂ የለም። በጀት ሲጸድቅ «የሰቆጣ መንገድስ?» ብሎ እጁን የሚያነሳ፣ ሚኒስትር ሲጠየቅ «የእኛ ሀገር ውኃስ?» የሚል፣ ለእረፍት ሲመጣ መራጩን ሰብስቦ የሚሰማ፣ ያ አንዱ ሰው ነው። እሱ ከሌለ የጎረቤት ወረዳ ተወካይ ደግ ቢሆንም የራሱን ወረዳ ጉዳይ ይዞ ነው የሚነሳው።

የዋግን ምድር ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ዋግ ነበር። የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለማጥፋት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ውል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ የተሰየመው በከንቱ አይደለም፤ ችግሩ እዚያ ስለሚታወቅ ነው። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ሰቆጣ ድረስ ገብቶ ከተማዋ ተይዛ ነበር። ከአበርገሌና ከፃግብጂ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሎ በሰቆጣና በአካባቢዋ ሰፍሯል። መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ወፍጮ ቆሟል። በሌላ በኩል ደግሞ የተከዜ ግድብ ውኃ እስከ ዋግ ቆላ ወረዳዎች ተንጣልሎ ዓሣ እየተገኘበት ነው፤ የአበርገሌ ፍየልና የዋግ ማር ሩቅ ገበያ የሚፈለጉ ናቸው። ይህ ሁሉ ጠያቂ የሚፈልግ ጉዳይ ነው። ቃል ኪዳን በስሟ የተገባላት ከተማ ቃሉ የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅላት ሰው በምክር ቤት ከሌለ ማን ይጠይቅላት?

ወንበር ለረጅም ጊዜ ባዶ ሲቀር የታየበትን የሀገራችንን ታሪክ እናስታውስ። ግንቦት 7 ቀን 1997 በተደረገው ምርጫ ቅንጅት በአዲስ አበባ ለፌዴራል ምክር ቤት የሚመረጡትን 23ቱንም መቀመጫዎች አሸነፈ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም 137ቱን ወሰደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በውጤቱ ላይ ጠብ ተነሳ፣ ደም ፈሰሰ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ከተመራጮቹ ገሚሱ ምክር ቤት ሲገባ ገሚሱ አልገባም አለ። የከተማው ምክር ቤትም ሳይቋቋም ቀርቶ አዲስ አበባ ለሁለት ዓመት ገደማ በባለአደራ አስተዳደር ተዳደረች። ባዶዎቹን ወንበሮች ለመሙላት የማሟያው ምርጫ የተደረገው ከአካባቢ ምርጫው ጋር ሚያዝያ 5 እና ሚያዝያ 12 ቀን 2000 ነው። ከተቃዋሚዎች አንዳንዶቹ ዕጩዎቻችን ተዋከቡ ብለው ራሳቸውን አገለሉ። ውጤቱ ሲነገር በከተማው ምክር ቤት ኢሕአዴግ ከ138 መቀመጫ 137ቱን አግኝቷል። በሦስት ዓመት ውስጥ ያው 137 ቁጥር ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ዞረ!

እኛ በዚህ ዝግጅት የማንም ፓርቲ ጠበቃ አይደለንም፤ ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው። ለእኛ የሚጠቅመው ሌላ ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ በመርካቶም ሆነ በኮልፌ የሚኖር መራጭ «እኔ የመረጥኩት ሰው የት አለ?» ቢል መልስ አልነበረውም። የቤት ኪራዩ፣ የውኃው፣ የሥራ አጥ ልጁ ጉዳይ ግን ምርጫ እስኪደረግ አልጠበቀውም።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ሀገር ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። ወደ ጎረቤታችን ኬንያ እንሻገር። የኬንያ ሕገ መንግሥት የምክር ቤት ወንበር ባዶ ከሆነ በ90 ቀን ውስጥ ምርጫ ይደረግ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። በኢትዮጵያ ድንበር ላይ፣ በማንዴራ አውራጃ ባኒሳ የሚባል የምርጫ ክልል አለ፤ ሕዝቡ ሙስሊም ነው፣ አብዛኛው ከብት አርቢ ነው። ተወካያቸው በመጋቢት 2015 በመኪና አደጋ ሞቱ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የሀገሪቱ የምርጫ ኮሚሽን ኮሚሽነሮች አልነበሩትም። ምርጫ የሚያውጅ ጠፋ። 90 ቀን አለፈ፤ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ኮሚሽነሮቹ ተሹመው የባኒሳ ሰዎች ድምፅ የሰጡት ኅዳር 18 ቀን 2018 ነው። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ያለ ተወካይ ቀሩ ማለት ነው። ሕጉ ነበረ፤ የሚያስፈጽመው ግን አልነበረም። ሕግ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን ወንበር አይሞላም።

ከዋግ ደጃፍም ምሳሌ አለ። በ2013ቱ ጠቅላላ ምርጫ በጦርነቱ ምክንያት በትግራይ ድምፅ አልተሰጠም፤ ከ547 መቀመጫዎች 38ቱ ያለ ሰው ነው ምክር ቤቱ የተከፈተው። የዋግ ሰው ከትግራይ ጋር በገበያ፣ በጋብቻ፣ በኮረም መንገድ ተሳስሮ የኖረ ነው። ጦርነት፣ መፈናቀል፣ የመንገድ መዘጋት ሁለቱንም ነክቷል። የዋግ ተወካይ ስለ ሰላም ሲናገር ከማዶ ሆኖ የሚመልስለት፣ የሚከራከረው፣ ሲያስፈልግም የሚስማማው ሰው ወንበሩ ላይ አልነበረም። የጎረቤት ወንበር ባዶ መሆንም የራስ ጉድለት ይሆናል።

ውድ አድማጮች፣ ቦታ ሲጎድል ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ለእስልምና ታሪክ አዲስ አይደለም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ የሱብሒን ሰላት ሲያሰግዱ በጩቤ ተወጉ። በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ያደረጉትን አስተውሉ። ቦታው ባዶ ሆኖ እንዲቀር አልፈለጉም፤ ለልጃቸው እንዲሆንም አልፈቀዱም። ስድስት ሰዎችን ሰየሙ፤ ዑስማን፣ ዐሊይ፣ ጦልሐ፣ ዙበይር፣ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስና ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ)። ልጃቸው ዐብደላህ በምክሩ ላይ ይገኝ እንጂ ከሥልጣኑ ድርሻ የለውም አሉ። የሦስት ቀን ጊዜ ሰጡ። በመካከሉ ሕዝቡ ያለ ኢማም እንዳይቀር ሱሀይብ እንዲያሰግዱ አዘዙ። የጊዜ ገደብ አለው፣ የመካከሉን ሥራ የሚሠራ ሰው አለው፣ ለዘመድ የተዘጋ በር አለው።

ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ደግሞ «እኔ ራሴን አውጥቻለሁ፤ መምረጡን ለእኔ ስጡኝ» ብለው የሕዝቡን ፍላጎት ለማወቅ ተነሱ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም ማለት ይቻላል። የታወቁትን ሰዎች ብቻ አይደለም የጠየቁት። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን በመዲና ጎዳና የሚያገኙትን ሁሉ፣ ከውጭ የመጣውን መንገደኛ ሳይቀር፣ በቤታቸው ያሉትን ሴቶችም ጠይቀዋል። በዚያ ዘመን የድምፅ ወረቀትና ኮሮጆ አልነበረም፤ ያ ሹራ ከዛሬው ምርጫ ጋር አንድ ነው ማለታችንም አይደለም። ምርጫን በተመለከተ የዲን ብይን የሚፈልግ ሰው ወደ ዑለማዎቹ ይሂድ፤ ፈትዋ መስጠት የዚህ ዝግጅት ሥራ አይደለም። እኛ የምንለው፣ ሴቲቱ በቤቷ ሳለች አስተያየቷ የተፈለገበትን ታሪክ የያዘ ሕዝብ ዛሬ «የሴት ድምፅ ምን ያደርጋል፣ አባወራው ከመረጠ ይበቃል» ሲል መስማት ያሳፍራል ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። «እኛ ጥቂቶች ነን።» እውነት ነው፣ ጥቂቶች ናችሁ። በ1999 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በዋግ ኽምራ ከ426 ሺህ በላይ ሕዝብ ተቆጥሮ ከመቶው 99 የሚሆነው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው። ነገር ግን ጥቂት መሆን አንድ ነገር ነው፤ ባዕድ መሆን ሌላ ነገር ነው። ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ጨው በሰቆጣ ገበያ ሲራገፍና ወደ ሌላው ሀገር ሲጫን ሙስሊሙ ነጋዴ እዚያ ነበር። አባቶቻችን በዚያ ገበያ ከክርስቲያን ወንድሞቻቸው ጋር በአማርኛም በኽምጣናም ተገበያይተው፣ በደስታም በሐዘንም ተጠራርተው ኖረዋል።

ያልነበራቸው መሬት ነው። በሰሜኑ ደጋ በቀድሞው ሥርዓት አብዛኛው ሙስሊም ርስት ስላልነበረው በንግድና በሽመና ይኖር ነበር። ይህ ከምርጫ ጋር ምን ያገናኘዋል ትሉ ይሆናል። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ ከዚያ በኋላ ተደረገ። ሴቶችም የመምረጥ መብት አገኙ። ይሁን እንጂ ለመመረጥ የሚፈልግ ሰው በምርጫ ወረዳው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ርስት ለሌለው ሰው ይህ በር ምን ያህል ጠባብ እንደነበር አስቡት። በወረቀት ላይ ሙስሊም አይመረጥም የሚል ቃል የለም፤ በሩ ግን ለባለርስት የተከፈተ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው የሙስሊሞች ሰልፍ የእኩልነትን ጥያቄ ሲያነሳ ይህ ሁሉ ከኋላው ነበር። በዓመቱ በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በነገራችን ላይ ያ የ2000ው የማሟያና የአካባቢ ምርጫ ሁለተኛ ቀን ከዚያ ሰልፍ ልክ በ34ኛው ዓመት ሚያዝያ 12 ላይ ዋለ። ማንም አስቦበት አይመስለኝም፤ ሆኖም እነዚያ አባቶች ንብረት ሳይጠየቁ ተሰልፈው ድምፅ የሚሰጡበት ቀን መምጣቱን ቢያዩ ደስ ባላቸው ነበር።

ወደ ቁጥሩ እንግባ። የምርጫ ሕጋችን አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያገኝ አያስገድድም። ከተወዳዳሪዎቹ አብላጫ ያገኘ ያሸንፋል። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ የምርጫ ክልል 20,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል፤ ሦስት ዕጩዎች አሉ። አንዱ 7,200፣ ሁለተኛው 7,050፣ ሦስተኛው 5,750 ቢያገኙ የመጀመሪያው ምክር ቤት ይገባል። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት 150 ድምፅ ነው። 150 ሰው ማለት ጁሙዓ ሰግዶ ከአንድ መስጊድ የሚወጣ ሰው ነው። በጠቅላላ ምርጫ ጊዜ ሀገር በሙሉ ስለሚንቀሳቀስ ብዙ ሰው ይወጣል። የማሟያ ምርጫ ግን በአንድ ቦታ ብቻ የሚደረግ ስለሆነ በብዙ ሀገር ወሬውም ሰልፉም ይቀዘቅዛል፤ የሚወጣው ሰው ባነሰ ቁጥር የእያንዳንዱ ድምፅ ክብደት ይጨምራል። ስለዚህ «ጥቂት ነን» የሚል ሰው ድምፁ ከሌላ ጊዜ ይልቅ የሚመዝነው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህን ስል «እንግዲያው ተሰባስበን ለሙስሊሙ ዕጩ እንስጥ» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ለሕዝቡ፣ ለሕገ መንግሥቱና ለኅሊናው ተገዢ ነው ይለዋል። ሙስሊም ሆኖ ዋግን የማያውቅ፣ ከተመረጠ በኋላም ሰቆጣን የማይረግጥ ሰው ለእኛ ምን ይሠራልናል? ክርስቲያን ሆኖ የተፈናቃዩን ድንኳን ገብቶ ያየ፣ የመንገዱንና የወፍጮውን ጉዳይ የሚያነሳ፣ ጥቂቱንም እንደ ብዙው የሚሰማ ሰው ካለ አማናው ለእሱ ይገባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተጨነቁ ባልደረቦቻቸውን ወደ ማን ሀገር እንደላኩ የእኛ ሀገር ልጆች ልንዘነጋው አይገባም፤ የመረጡት ፍትሑን ዐውቀው ነው።

ዕጩዎቹ ሲመጡ ጠይቋቸው። ጥያቄውን ግን ለሚመለከተው ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የማየው ነገር ይህ ነው፤ ሰዎቻችን የቀብር ቦታና የመስጊድ ይዞታ ጥያቄ ይዘው የፓርላማ ዕጩ ፊት ይቆማሉ፤ እሱም ድምፅ ፈልጎ «እሺ» ይላል፤ ተመርጦ ሲሄድ ጉዳዩ በእጁ እንዳልሆነ ይታወቃል። የከተማ ቦታ ጉዳይ የሚታየው በከተማው አስተዳደርና በከተማው ምክር ቤት ነው። ለፓርላማ ዕጩ የሚቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ገንዘብ በወረዳችን ምን ሠራ? ተፈናቃዩ መቼና በምን ዋስትና ይመለሳል? በዓመት ስንት ጊዜ መጥተህ ትሰማናለህ? የቀረው ዘመን አጭር ነውና በዚህ ጊዜ የትኛውን አንድ ጉዳይ ትይዝልናለህ? በማሟያ ምርጫ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ አስፈላጊ ነው። ሁለት ዓመት የቀረው ሰው የአምስት ዓመት ተስፋ ሲዘረዝር ብትሰሙ ጠርጥሩ።

ድምፅ ምስክርነት ነው። ለስኳር፣ ለዘይት፣ ለብር የሚሸጥ ምስክር በዳኛ ፊት ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሀብታሙ ነጋዴ «የእኔን ሰው ምረጡ፣ ዱቤውን እተውላችኋለሁ» ቢል እንቢ በሉት። ቁርኣን አስይዞ ሊያስምላችሁ የሚመጣም ካለ ቁርኣኑ የወረደው ለዚህ አይደለም በሉት። ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ባልም ሽማግሌም አይገባም። እናቶች፣ ይህ የእናንተ መብት ነው። ባለቤቶቻችሁን አማክሩ፣ ልጆቻችሁንም አማክሩ፤ ምልክቱን የምታደርጉት ግን እናንተው ናችሁ።

ስለ ምዝገባ ሁለት ነገር ልበልና ላብቃ። ያለፈው ምርጫ ካርድ ከሳጥን ውስጥ አለ ብላችሁ አትቀመጡ። ምርጫ ቦርድ ምዝገባ ሲያውጅ ሄዳችሁ ስማችሁ መስፈሩን በዓይናችሁ እዩ። ዕድሜው 18 የሞላው ሁሉ ይመዘገባል፤ የ2011ዱ አዋጅ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖርን ይጠይቃል። ለንግድ ወጥተው በወልድያ ወይም በደሴ የሚከርሙ ወንድሞች ይህን ቀድመው ያስቡበት። ከአበርገሌና ከፃግብጂ ለተፈናቀላችሁትም፣ አዋጁ ለተፈናቃዮች ልዩ የምርጫ ጣቢያ የሚቋቋምበትን መንገድ ስለሚፈቅድ «እዚህ የእኛ አይደለም» ብላችሁ ሳትተዉ አስፈጻሚዎቹን ጠይቁ።

በምርጫው ዕለት ሱብሒን ሰግዳችሁ ውጡ፤ ጠዋት ሰልፉ አጭር ነው። አቅመ ደካማ አባትና ነፍሰ ጡር እናት ቅድሚያ እንዲያገኙ ወጣቶቹ አስተናግዱ፤ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን አትለዩ። ማታ ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ላይ ነው የሚደረገው፤ ውጤቱም ተጽፎ እዚያው ይለጠፋል። ከመግሪብ በኋላ በዚያ በኩል የምታልፉ ማንበብ ለማይችሉት ቁጥሩን አንብቡላቸው።

ወቢላሂ ተውፊቅ።